አደብ ግዛ

ሦስተኛ ክፍል ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው
መምህር ወልደሰንበት ድምፁ አልሰማ ቢል ጠመኔውን ወረወረው፤
ግንባሬን አገኘው።
«አንተ! አደብ ግዛ!» አለኝ።

ግዛ ከተባለማ ይሸጣል ማለት ነው።
በቁጥር ደካማ ብሆንም ይኼ አይጠፋኝም ነበር።

ሐሙስ ሆነ፤ የሂርማታ ገበያ ቆመ።
ከእናቴ መቀነት ጫፍ አንዲት ስሙኒ ፈትቼ
ከጅሬን ቁልቁል፣ በአዌቱ ድልድይ፣
ጭቃውን እየዘለልኩ ወረድኩ።

«አደብ አለ?» አልኳት ኮረሪማ ሻጯን።
ሳቋ ዘንቢሉን ሊገለብጠው ደረሰ።
«ጠዋት ነበረ፣ አለቀ» አለኝ የማር ነጋዴው፣
ጣቱን እየላሰ።
አቡጀዲ ሻጩ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣
«በክንድ ነው ወይስ በኪሎ?» ብሎ
ጎረቤቱን ጠራ፣ ጎረቤቱም ሌላውን፤
ሳቁ ከዳስ ዳስ ተዛመተ፤
ስሙኒዋ በመዳፌ ላብ ሞቀች።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም።
አባ ኦሊ፣ በርጩማ ጠራቢው፣
ከአንድ የዋንዛ ግንድ ሦስት እግር የሚያወጣው፣
ያለ ምስማር፣ ያለ ማጣበቂያ።
ቀና ብሎ አየኝ፤ እጁን ዘረጋ፤ ስሙኒዬን ተቀበለ።
«ተቀመጥ» አለ።

ሻካራ ቅጠል ሰጠኝ፣ የበርጩማውንም አንድ እግር።
«እሸው።»
አሸሁ።
«እንደሱ አይደለም። በጅማቱ ሂድ፣ በላዩ አትሂድበት፤
እንጨቱ ወዴት እንዳደገ ጠይቀው።»
ዘነበ፣ አባራ፣ ደግሞ ዘነበ።
ጣቴ ተላጠ። እግሩ ገና ሻካራ ነው።
ሲመሽ፣ «አደቡስ?» አልኩት።
«ለስሙኒ ይህን ያህል ነው» አለኝ።
«ቀሪው በዱቤ ነው። በየሐሙሱ ና።»

ቤት ስደርስ እናቴ ስለ ስሙኒዋ
በአርጩሜ አነጋገረችኝ።
እንዲህ አድርጌ ቃሉን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተማርኩት፤
አንደኛው ቆዳዬ ላይ እስከ ቅዳሜ ቆየ፣
ሌላው እጄ ላይ እስካሁን አለ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ስም አወጡለት!
መሥሪያ ቤት ሲገባ ከረባት አስሮ «ዲሲፕሊን» ይባላል፣
በፋይል ይታሰራል፣ በማኅተም ይመታል።
«ሥነ ሥርዓት» ሲሉትም፣ ሥን በግዕዝ ውበት ነው አሉኝ፤
የሥርዓት ውበት! እኔ የማውቀው ግን
«ሥነ ሥርዓት!» ተብሎ ጠረጴዛ ሲደበደብ ነው።
ጎረቤቴ ልጇን ስታስተኛ በኦሮምኛ «ናሙሳ» ትለዋለች፤
«ነመ»፣ ሰው፣ ውስጡ ያለ ይመስለኛል፤
የቋንቋ ምሁር ይሳቅብኝ፣ ጆሮዬ ግን እንዲያ ይሰማል።
መቅጣትም ከ«ቀጥ» ጋር ዘመድ ነው ይላሉ፤
እሱም ቢሆን፣ ቀጥ ብሎ መቆም አለ፣
ልብ ቀጥ ሲልም አለ።

ዛሬ ከአጂፕ ወዲያ ባለው ቢሮ
አምስት ሆነን ለዲሲፕሊን ጉባኤ ተቀምጠናል፤
አራቱ ድምፅ አላቸው፣ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ።
ሙዘይን አባ ፊጣ፣ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ፣
በወር ሰባት ጊዜ አርፍዷል።
ለምን? ተባለ።
«ልጄን ሌሊት ያፍናታል፤ እስኪነጋ ተቀምጬ እቆጥራለሁ።»
«ምኑን?»
«ትንፋሿን።»

ዝም ተባለ። ውጭ ባጃጅ ጮኸ።
ሰብሳቢው መነጽሩን ጠረገ፦
«አደብ መግዛት አለበት። የአምስት ቀን ደመወዝ።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት ስጠይቅ ኖሬ
ዋጋውን ዛሬ ሰማሁ።

ብዕሬን አነሳሁ። ሌሊቱን ሙሉ
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሳያንቀላፋ የሚቆጥርን ሰው
በየትኛው ጥፋት ተራ ልመዝግበው?
«በሥራ ገበታ በሰዓቱ አለመገኘት» ብዬ ጻፍኩ።
ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው፣ መስመር አይስትም፤
ይኼም አደብ ይባል ይሆናል።

ሙዘይን ሲወጣ በሩን በቀስታ ዘጋው፣
ውስጥ የተኛ ሰው ያለ ይመስል።

አባ ኦሊ ሞቷል። ዱቤው አላለቀም።
ዛሬም ሐሙስ ነው፤ የሂርማታ ጫጫታ በመስኮት ይገባል፤
አውራ ጣቴ ከጠረጴዛው ሥር
የወንበሬን ጠርዝ ያሻል፣ ያሻል፣
ጅማቱ ወዴት እንደሚሄድ እየጠየቀ።